የመኪናው ጎርፍና የክረምቱ ጎርፍ

እ.ኤ.አ. በ1955 ሁለት ብሪታንያውያን የሒሳብ ሊቃውንት፣ ጄምስ ላይትሂልና ጄራልድ ዊተም፣ በለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ላይ በሁለት ክፍል የተዘጋጀ ጥናት አሳተሙ። የመጀመሪያው ክፍል በረጃጅም ወንዞች ላይ ጎርፍ እንዴት እንደሚጓዝ ያስረዳል። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ በተጨናነቁ ረጃጅም መንገዶች ላይ ተሽከርካሪዎች እንዴት እንደሚፈሱ ይተነትናል። ወንዝና አውራ ጎዳና በአንድ ጥናት ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ለብዙው አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ለፊዚክስ ተማሪ ግን አያስደንቅም፤ የሁለቱም መነሻ አንድ ሕግ ነውና። ወደ አንድ ሥፍራ ከገባው ላይ የወጣው ሲቀነስ የሚተርፈው እዚያው ይከማቻል። የተከማቸው መኪና ከሆነ ሰልፍ እንለዋለን፤ ውኃ ከሆነ ደግሞ ጎርፍ።

ልዩነታቸው የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። ወንዝ ሲሞላና ጥልቀቱ ሲጨምር ፍጥነቱም ስለሚጨምር የጎርፉ ሞገድ ወደ ታች ይሮጣል። በመንገድ ላይ ግን የተሽከርካሪዎች ጥግግት ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ አሽከርካሪው ፍሬን ይይዛል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ፍሰቱም አብሮ ይቀንሳል። በዚህም የተነሣ የመጨናነቁ ሞገድ ከጉዞው አቅጣጫ በተቃራኒ፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ወደ ኋላ ይጓዛል። ለገሃር ላይ የሆነው ነገር ምን እንደሆነ ሳናውቅ ሜክሲኮ ላይ ቆመን የምንቀረው ለዚህ ነው። (በዚህ ረገድ ውኃ ከእኛ የተሻለ ጠባይ አለው ማለት ይቻላል፤ ሲበዛ መንገዱን ያፋጥናል እንጂ እርስ በርሱ አይገታም።)

ይህን የቆየ ጥናት ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በአዲስ አበባ ባለፉት ዓመታት በርካታ አደባባዮች ፈርሰው በትራፊክ መብራት ተተክተዋል፤ በ2016 ዓ.ም ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ ደግሞ የመንገዱ ገጽ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ቱቦም ተቆፍሮ በአዲስ እየተተካ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሁለት ጊዜ አይገኝም። አንድ መስቀለኛ መንገድ ታድሶ ሲመረቅ ዘወትር የሚቀርቡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ መኪናው ቶሎ ያልፋል ወይ? ውኃው ቶሎ ይወርዳል ወይ? በእኛ አስተያየት ሁለቱም ጥያቄዎች ጎደሎ ናቸው። መታየት ያለበት ታድሶ ያማረው መስቀለኛ መንገድ ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ቀጥሎ ያለው መስቀለኛ መንገድና ከእርሱ በታች ያለው ድልድይ ነው።

በመጀመሪያ ከተማዋ የተቀመጠችበትን ተዳፋት እናስብ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚገኘው የእንጦጦ ጫፍ ተነሥተን ወደ ደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብንወርድ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለውን የአቃቂን ሜዳ እናገኛለን። ይህም በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር በአማካይ ከ30 ሜትር በላይ መውረድ ማለት ነው። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንተ ይቀጡና ሌሎቹ ወንዞች ይህን ተዳፋት ተከትለው በትልቁና በትንሹ አቃቂ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ይገባሉ። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉት መንገዶቻችን ደግሞ እነዚህን ወንዞች አንድ በአንድ ያቋርጣሉ። ስለዚህ በዚህች ከተማ ከላይ ያለው ሰፈር የሚያደርገውን ከታች ያለው ሰፈር ይቀበላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም ማብቂያ ላይ በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ውኃው የመጣው ከሐረርጌ ደጋ ነበር። በነሐሴ 2013 ዓ.ም በአዲስ አበባ በወረደ ዶፍም ቢያንስ ሰባት ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

እንግዲህ ወደ ስሌቱ እንግባ፤ አንባቢ እርሳስና ወረቀት ይዞ ቢከተለን ደስ ይለናል።

አንድ የመንገድ መስመር አረንጓዴ መብራት ሲበራለት በየሁለት ሴኮንዱ አንድ መኪና ያህል ያስተላልፋል፤ ማለትም ሳያቋርጥ ቢበራለት በሰዓት 1,800 ነው። አረንጓዴው የሚበራው ለግማሹ ጊዜ ብቻ ከሆነ 900 ይሆናል፤ ሦስት መስመር ላለው መንገድም 2,700። በጠዋት የሥራ መግቢያ ላይ በሰዓት 2,500 መኪና ቢመጣ መስቀለኛ መንገዱ አቅሙ ሊሟጠጥ ጥቂት ቢቀረውም ይወጣዋል። አሁን ዝናብ እናምጣ። አስፋልት ሲሠራ ውኃው ወደ ጠርዝ እንዲወርድ መሐሉ ከፍ ብሎ በ2.5 በመቶ ያህል ይዘነብላል። የአንድ መስመር ስፋት 3.5 ሜትር ነው ብንል የመስመሩ የውጭ ጠርዝ ከውስጠኛው ጠርዝ በ9 ሴንቲሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ስለሆነም የጎርፍ መግቢያው ፍርግርግ በፕላስቲክ ጠርሙስና በጭቃ ተደፍኖ ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ሥር 9 ሴንቲሜትር ውኃ ሲጠራቀም፣ ከሦስቱ መስመሮች አንዱ ሙሉ በሙሉ ከውኃ በታች ይሆናል። ዘጠኝ ሴንቲሜትር የአንድ እጅ መዳፍ ስፋት ነው።

አሽከርካሪው ጉድጓድ ይኑርበት አይኑርበት በማያውቀው ውኃ ውስጥ መግባት ስለማይወድ ወደ ውስጥ ይሸሻል። እግረኛውም እንዲሁ። በከተማችን ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር የሚደረግ መሆኑን ስናስታውስ፣ መሄጃው በውኃ የተያዘበት ሕዝብ ወደ አስፋልቱ ሲወጣ ሁለተኛውም መስመር እንደሚጣበብ መገመት አያዳግትም። እኛ ግን ለጋስ ሆነን የጠፋው አንዱ መስመር ብቻ ነው እንበል። አቅሙ 1,800 ሆነ፤ የሚመጣው ግን 2,500 ነው። በየሰዓቱ 700 መኪና ይተርፋል ማለት ነው። ውኃው ለግማሽ ሰዓት ብቻ ቢቆይ 350 መኪና ይሰለፋል። ይህ ሰልፍ በሦስት መስመር ተከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ መኪና 7 ሜትር ሲሰጠው ከ800 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከበስተኋላ ያለውን መስቀለኛ መንገድ አልፎ ይዘጋዋል። ውኃው ከወረደ በኋላስ? አቅሙ ወደ 2,700 ቢመለስም መኪናው በዚያው መጠን መምጣቱን ከቀጠለ ትርፉ በሰዓት 200 ብቻ ስለሆነ 350ውን ለማጽዳት ተጨማሪ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ያስፈልጋል። ለግማሽ ሰዓት በቆመ አንድ መዳፍ ውኃ ከሁለት ሰዓት በላይ መጨናነቅ ተገዛ።

ውኃው ከዚህ ሲያልፍ ጉዳዩ የጊዜ ብክነት መሆኑ ይቀርና የሕይወት ይሆናል። የአንድ ተራ አውቶሞቢል ሆድ ስፋት ወደ 7 ካሬ ሜትር ይጠጋል፤ ክብደቱ 1,100 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። አርኪሜደስ እንዳስተማረን፣ ውኃ ወደ ውስጥ እስኪገባበት ድረስ ከወለሉ በላይ 16 ሴንቲሜትር ውኃ ብቻ መኪናውን ለማንሳፈፍ ይበቃል። ወለሉ ከመሬት 15 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ የሚል ስለሆነ ጠቅላላው ጥልቀት ከ30 ሴንቲሜትር ብዙም አይበልጥም። ጎማው ከመሬት የተላቀቀ መኪና ደግሞ ጀልባ እንጂ መኪና አይደለም፤ መሪውም ፍሬኑም አይታዘዝለትም። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ያሉት አባቶቻችን ሚኒባስ ታክሲ ባያውቁም ነገሩን በሚገባ ተረድተውት ነበር።

በመሆኑም መስቀለኛ መንገድን ከትራፊክ አንጻር ብቻ አስልቶ፣ ውኃውን ለሌላ ክፍል መተው ስሌቱን ራሱን ማፍረስ ነው። እስከዚህ ድረስ የሚከራከረን ያለ አይመስለንም። ክርክሩ የሚጀምረው ከመፍትሔው ላይ ነው።

የተለመደው መፍትሔ መንገዱን ማስፋትና ቱቦውን ማሳደግ ነው። መንገዱን እንመልከት። በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 3,000 መኪና ይመጣል፣ የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ አቅም 2,700 ነው እንበል። በየሰዓቱ 300 መኪና እዚያ ይሰለፋል። አንድ መስመር ጨምረን አቅሙን 3,600 ብናደርሰው ሰልፉ ይጠፋል፤ የምረቃው ሪባንም ይቆረጣል። ነገር ግን ቀጥሎ ያለው መስቀለኛ መንገድ አቅሙ እንደ ቀድሞው 2,700 ከሆነ እነዚያው 300 መኪኖች አሁን እዚያ ይሰለፋሉ። አንድም መኪና አልተቀነሰም፤ የተለወጠው የመቆሚያው ሥፍራ ነው። መንገዱ ተመቸ ብለው አዲስ የሚመጡትን ባንቆጥር ማለታችን ነው።

ውኃውም እንዲሁ ያደርጋል፤ ይሁን እንጂ መዘዙ የከፋ ነው። ወደ አንድ መስቀለኛ መንገድ የሚፈስ 10 ሄክታር ሰፈር እንውሰድና በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚለካ ዶፍ ለግማሽ ሰዓት ይውረድበት። ሰፈሩ ሣርና ጓሮ በነበረበት ዘመን ከዝናቡ 30 በመቶ ያህሉ በገጹ ላይ ቢፈስ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ኩብ ይሆናል። ጣሪያና አስፋልት ሲለብስ ደግሞ 90 በመቶ ያህሉ ስለሚፈስ ወደ 1.5 ሜትር ኩብ ያድጋል። ሰማዩ አልተለወጠም፤ ጎርፉ ግን ሦስት እጥፍ ሆኗል። ይህን ሁሉ የሚያስተላልፍ ትልቅ ቱቦ ብንቀብር መስቀለኛ መንገዱ ይደርቃል። በሴኮንድ 1.5 ሜትር ኩብ ውኃ ግን በቅጽበት ከታች ባለው ወንዝ ላይ ይወድቃል፤ ከወንዙ ዳር ደግሞ ሰው ይኖራል። ብዙውን ጊዜ በዚያ የሚኖረው ሌላ ቦታ ለመኖር አቅም ያላገኘ ሰው ነው። የመኪናው ሰልፍ ወደ ሌላ ሥፍራ ሲዛወር ሰው ይዘገያል፤ የውኃው ሰልፍ ሲዛወር ቤት ይፈርሳል። ከላይ ያለው መስቀለኛ መንገድ በተሳካ ቁጥር ከታች ያለው ድልድይ ይከፋል ማለት ነው።

ይህን አስቀድመው የተማሩ ከተሞች አሉ፤ ከሁሉም ይልቅ ለጉዳያችን የሚቀርበው ኮፐንሀገን ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 2011 በዴንማርክ ዋና ከተማ ላይ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ወርዶ ምድር ቤቶችንና አውራ ጎዳናዎችን አጥለቀለቀ፤ ጉዳቱም በቢሊዮን በሚቆጠር ክሮነር ተገመተ። ከተማዋ በተከታዩ ዓመት ያወጣችው የዶፍ መቋቋሚያ ዕቅድ ወደ 300 የሚጠጉ ሥራዎችን የያዘ ሲሆን፣ ዋና ሐሳቡ ቱቦን ማሳደግ ብቻ አልነበረም። ውኃው በወረደበት አካባቢ ለጥቂት ጊዜ የሚቆይበት ሥፍራ ማዘጋጀትም ነበር። ከእነዚህ ሥራዎች አንዱ ሳንክት ኬልድስ የሚባለው አደባባይ ነው። ቀድሞ ብዙ ጎዳናዎች የሚገናኙበት ሰፊ የአስፋልት ክብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ተሠርቶ ሲጠናቀቅ ለመኪና የተተወው ቦታ ጠቦ፣ የቀረው ዝቅ ብሎ የተቆፈረ የተክል መደብ ሆነ፤ በአደባባዩና ከእርሱ ጋር በተያያዘው ጎዳና ላይም ከ500 በላይ ዛፎች ተተከሉ። ዝናብ ሲዘንብ ውኃው ወደ መደቦቹ ይወርዳል፣ እዚያ ይጠበቃል፣ ቀስ ብሎም ይሄዳል።

ኮፐንሀገንን እንደ መጽሐፍ ቅዱስ የምንጠቅስ እንዳይመስል አንድ ነገር እንጨምር። ያ አደባባይ በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ያለ፣ ከባድ ትራፊክ የማይበዛበት ነው። ሜክሲኮን ወይም መገናኛን እንዲሁ እናድርግ የሚል ሰው ካለ አብረነው አንቆምም። በሌላ ጫፍ ደግሞ የኳላ ላምፑር ከተማ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የከፈተችው 9.7 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዋሻ በዘወትር ቀን በከፊሉ መኪና ያስተላልፋል፣ ኃይለኛ ጎርፍ ሲመጣ ግን ለመኪና ተዘግቶ ውኃ ይሄድበታል። ምሕንድስናው ያስደንቃል፤ ወጪውም እንዲሁ። የሁለቱ ከተሞች መንገድ ቢለያይም መስቀለኛ መንገዱንና ጎርፉን በአንድ ሰሌዳ ላይ አስልተዋል፤ ልንወስድ የሚገባን ይህን ነው።

ለእኛ ሁኔታ የሚስማማው ስሌት ከሁለቱም ይቀልላል። ያን 10 ሄክታር ሰፈር እንደገና እናንሣ። ከዶፉ የሚፈሰው ጠቅላላ ውኃ 2,700 ሜትር ኩብ ነው። ወደ ወንዙ የሚለቀቀው እንደ ጥንቱ በሴኮንድ ከግማሽ ሜትር ኩብ እንዳይበልጥ ብንወስን በግማሽ ሰዓቱ ውስጥ 900 ይወጣል፤ 1,800 ሜትር ኩብ ይቀራል። ይህን ለማቆየት በአማካይ 40 ሴንቲሜትር የሚጎደጉድ 4,500 ካሬ ሜትር ቦታ ይበቃል፤ ይህም ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ሁለት ሦስተኛ አይደርስም። ዝናቡ ሲያባራ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርቃል። አዳዲሶቹ የመንገድ ዳር መናፈሻዎቻችን በስፋት ይህን ያህሉን በቀላሉ ይይዛሉ። ሆኖም በየሥፍራው እንደምናያቸው የአበባ መደቦቹ ከአስፋልቱ በላይ ከፍ ተደርገው በድንጋይ ታጥረዋል፤ ስለዚህ ውኃ ከመደቡ ወደ መንገዱ ይወርዳል እንጂ ከመንገዱ ወደ መደቡ አይገባም። መደቡን ከፍ በማድረግና ዝቅ በማድረግ መካከል ያለው የወጪ ልዩነት ምን ያህል ነው? ከፍ ለማድረግ አፈር ተጭኖ ይመጣል፤ ዝቅ ለማድረግ አፈር ተጭኖ ይሄዳል። ይኸው ነው።

ሐሳቡን የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሷቸው ነጥቦች ሊናቁ አይገባም። አንደኛው አፈሩ ነው። በከተማዋ ደቡብና ምሥራቅ፣ በቦሌና በአቃቂ በኩል ያለው መረሬ አፈር ውኃ ከጠገበ በኋላ የሚያሰርገው እጅግ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ውኃው መሬት ውስጥ ይገባል የሚል ተስፋ በዚያ አይሠራም። ትክክል ነው፤ እኛም ያሰላነው ማስረግን ሳይሆን ማቆየትን ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከታች ጠባብ መውጫ ያለው ጎድጓዳ ሥፍራ ይበቃል። ሁለተኛው ከበድ ይላል። የጎርፍ ቱቦዎቻችን በብዙ ሥፍራ ከቤት የሚወጣ ፍሳሽ ተቀላቅሎባቸዋል፤ እንዲህ ያለውን ውኃ ሕፃናት በሚጫወቱበት መናፈሻ ውስጥ ማቆየት በሽታን መጋበዝ ነው። ፍሳሹ ሳይለይ ማቆያው መከፈት የለበትም፤ መንገዱ ተቆፍሮ ሳለ ይህን መለየት ካልተቻለ መቼም አይቻልም። ሦስተኛው ቆሻሻ ነው። የቱቦ ዲያሜትር በደለልና በቆሻሻ ምክንያት በግማሽ ቢያንስ የሚያስተላልፈው ውኃ በግማሽ ሳይሆን ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል። ስለሆነም በሰኔ መግቢያ የሚጠርግ ሰው ሳይመደብለት የተቀበረ ትልቅ ቱቦ፣ ወጪው ትልቅ የሆነ ትንሽ ቱቦ ነው።

በትራፊኩ በኩልም መቆየትን የሚመስል ርካሽ ዘዴ አለ። ታክሲዎች ሰው የሚጭኑትና የሚያወርዱት መስቀለኛ መንገዱ አፍ ላይ ነው፤ አንድ ሚኒባስ እዚያ ሲቆም አረንጓዴው በርቶለት ሳለ አንድ መስመር ይሞታል። መጫኛውን ከመስቀለኛው 50 ሜትር ያህል አሳልፎ፣ ከመንገዱ ገባ አድርጎ መሥራት ያለ አንዳች ማስፋት አንድ መስመር እንደ መጨመር ይቆጠራል። ተከታታይ መብራቶችንም አንዱ የሌላውን ሰልፍ እንዲያይ አድርጎ ማቀናጀት ይቻላል፤ ከፊት ያለው ሲሞላ ከኋላ ያለው ይያዝ። በየመብራቱ የቆሙት የትራፊክ ፖሊሶች በሬዲዮ እየተነጋገሩ ይህንኑ በእጃቸው ሲያደርጉት ኖረዋል፤ ያለ ሒሳብም ቢሆን ብዙ ጊዜ ተሳክቶላቸዋል።

ለዚህ ሁሉ እንቅፋት የሚሆነው ዕውቀት ሳይሆን አከፋፈል ይመስለናል። መንገዱ የአንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ፍሳሹ የሌላ፤ ወንዙ የሦስተኛ፤ መብራቱ የአራተኛ። ውኃ ግን የመሥሪያ ቤት ወሰን አያውቅም። ከአሁን ወዲያ ማንኛውም የመስቀለኛ መንገድ ዲዛይን ሲጸድቅ ሁለት ቁጥሮች አብረው ይጠየቁ ዘንድ እንጠይቃለን፤ ሥራው ሲጠናቀቅ ቀጥሎ ወዳለው መስቀለኛ መንገድ በሰዓት ስንት መኪና ይደርሳል፣ ከታች ወዳለው ድልድይስ በሴኮንድ ስንት ሜትር ኩብ ውኃ ይደርሳል? ሁለቱም ከቀድሞው የሚበልጡ ከሆነ ተቀባዩ ምን እንደ ተዘጋጀለት በዚያው ሰነድ ላይ ይጻፍ።

ቁጥሮቹን ለማረጋገጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በድልድይ ምሰሶ ላይ በየአሥር ሴንቲሜትሩ በቀለም የተሰመረ መለኪያ፣ በአቅራቢያው ባለ የትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ የተቀመጠ የዝናብ መለኪያ፣ እንዲሁም ሰዓትና ደብተር የያዙ ሁለት ተማሪዎች ለአንድ ክረምት ይበቃሉ። ውኃው ከዝናቡ በኋላ ስንት ደቂቃ ቆይቶ ከፍተኛውን መስመር እንደሚነካ፣ ከላይ ያለው መንገድ ከመታደሱ በፊትና በኋላ ይህ ጊዜ ምን ያህል እንዳጠረ ደብተሩ ይናገራል። በፋኩልቲያችን ለመመረቂያ ጥናት ርዕስ የሚፈልጉ ተማሪዎች በቀበናና በባንተ ይቀጡ ላይ ቢጀምሩት መልካም ነው፤ መለኪያዎቹ ግን ክረምቱ ሳይገባ፣ ከሰኔ አጋማሽ በፊት መተከል ይኖርባቸዋል።